ስልኩ ቃል ያደርሳል፤ መድኃኒቱን ማን ያደርሳል?

አራዳ ወደ አገራችን የሚገባ አዲስ ነገር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፍበት ሠፈር ሆኖ ኖሯል። መንገደኛን በገንዘብ የሚያስተናግደው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተሠራው በዚሁ ሠፈር ነው። በዚያው ዘመን ዶክተር ሜራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም በአዲስ አበባ የመድኃኒት መደብር ከፈተ፤ ስልክም በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ይሁን እንጂ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር መነሣት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የመጣው ነገር የሚያገለግለው ማንን ነው? የሚለው ነው። ሆቴሉ ለከፋይ፣ ስልኩ ለቤተ መንግሥትና ለሹማምንት፣ መድኃኒቱም ገንዘብ ላለው ሆኖ ሳለ፣ እንጨት ተሸካሚዋ ከእንጦጦ ወደ ከተማው ስትወርድ ከነዚህ ከአንዱም ድርሻ አልነበራትም።

ዛሬም ተመሳሳይ ጥያቄ በፊታችን ተደቅኗል። የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ሐኪሙ በአካል ሳያገኘው በስልክ፣ በመልእክትና በምስል የሚከታተልበት አሠራር በዓለም ላይ እየተስፋፋ ነው። በአገራችንም ስለዚሁ የርቀት ክትትል ብዙ እየተባለ ነው። አሠራሩን ገና ሳናየው ልናወግዘውም ሆነ በጭፍን ልናመልከው አይገባም። ከተጨባጩ ኑሯችን ጋር አገናዝበን ልንመረምረው ግን ይገባል።

ምርመራውንም ከፒያሳ እንጀምር። በ2016 ዓ.ም በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ አያሌ አሮጌ መኖሪያዎች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኙ የመኖሪያ መንደሮች ተዛውረዋል። ስለ ጎዳናዎቹና ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተጽፏል። እኛ እዚህ የምናነሣው ብዙም ያልተጻፈለትን ጉዳይ ነው። በአራዳ ይኖር የነበረ የስኳር ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያው በእግሩ ይሄድ ነበር። ካርዱ እዚያው ነው፤ ነርሷ በስሙ ታውቀዋለች፤ አንድ ቀን ቢዝል ጎረቤት ደግፎ ያደርሰዋል። ቤቱ ሲቀየር ግን የቀየረው ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም። ካርዱ በአንድ በኩል፣ እርሱ በሌላ በኩል ሆነዋል። ለቀጠሮ ከንጋት በፊት ተነሥቶ ሁለትና ሦስት ታክሲ መቀያየር፣ የዕለት ሥራ ካለው ደግሞ የዕለት ገቢውን መተው ግድ ይሆንበታል። መጀመሪያ አንድ ቀጠሮ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ያልፋል፤ ከዚያም ክትትሉ ራሱ ይቋረጣል።

የነዚህ በሽታዎች ክፋቱ ደግሞ ዝም ብለው የሚሠሩ መሆናቸው ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ለዓመታት አንዳች ስሜት ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱን ያቋረጠ ዕለትም ወዲያው አይወድቅም፤ እንዲያውም ደኅና የሆነ ይመስለዋል። ግፊቱና ስኳሩ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ የልብን፣ የአንጎልን፣ የኩላሊትንና የዐይንን የደም ሥሮች እየጎዱ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ 6 ያህሉ ደግሞ ከፍ ያለ የደም ስኳር እንዳለባቸው አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምትም በኢትዮጵያ ከሚደርሱት 10 ሞቶች ወደ 4 የሚጠጉት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ምክንያት መሆናቸውን ያስረዳል። «የሀብታም በሽታ» የሚለው የቆየ አባባል ከቶውንም እውነትነት የለውም። በነዚህ በሽታዎች ከሚሞተው የዓለም ሕዝብ ሦስት አራተኛ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖር ነው። ሀብታሙ በበሽታው ይያዛል፤ ድሃው ግን በበሽታውም በመንገዱም ይሞታል።

እንግዲህ የርቀት ሕክምና ለዚህ ችግር መልስ ይሆናልን? መልሱ «የርቀት ሕክምና» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በመለየት ላይ የተመሠረተ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉና።

አንደኛው ሐኪም ከሐኪም የሚገናኝበት ነው። ለዚህ አገራችን ቀዳሚ ምሳሌ ናት። በሕንድ መንግሥት ድጋፍ የተዘረጋው የመላ አፍሪካ የኤሌክትሮኒክስ መረብ እ.ኤ.አ. በ2007 የሙከራ ሥራውን የጀመረው በኢትዮጵያ ሲሆን፣ የጥቁር አንበሳንና የነቀምቴን ሆስፒታሎች በሃይደራባድ ከተማ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር አገናኝቶ ነበር። የነቀምቴ ሐኪም የበሽተኛውን የምርመራ ውጤት ባሕር ተሻግሮ ለልዩ ባለሙያ ማሳየት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ግንኙነቱ ከሆስፒታል እስከ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ደጃፍ ያልደረሰውን በሽተኛ አያየውም።

ሁለተኛው ክትትሉ ራሱ ወደ በሽተኛው መኖሪያ የሚጠጋበት ነው። ለዚህኛው ደግሞ በጎንደርና በጅማ የተሠራው ሥራ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በነዚህ አካባቢዎች የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የልብ ሕመም ያለባቸው የገጠር ነዋሪዎች ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ወደ ሆስፒታሉ ረጅም መንገድ እንዳይጓዙ፣ በየጤና ጣቢያው የሠለጠኑ ነርሶች ክትትሉን እንዲያካሂዱ፣ ሐኪሞቹም እየወጡ እንዲያግዟቸው ተደርጓል። በዚያ ሥራ ውስጥ ረቀቅ ያለ መሣሪያ አልነበረም። የነበረው የሠለጠነ ነርስ፣ መዝገብ፣ የማይቋረጥ መድኃኒትና ጠያቂ ሐኪም ነው። ርቀቱን ያጠፋው ሽቦ ሳይሆን አደረጃጀት ነበር።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት ጤና ከሆስፒታል ግንብ ወጥቶ ሰዎች በሚኖሩበትና በሚሠሩበት ቦታ እንዲገኝ ሲስማሙ ያሉት ይህንኑ ነው። ኩባም እ.ኤ.አ. በ1984 የቤተሰብ ሐኪምንና ነርስን በየመንደሩ ማስፈር ስትጀምር መነሻዋ ይኸው ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በ2009ም ወደ ከተሞች የተሸጋገረው ቅርንጫፉ የዚሁ አስተሳሰብ ውጤት ነው። ስለሆነም ስልኩ ሲመጣ ባዶ ሜዳ ላይ አያርፍም፤ የሚያርፍበት መሠረት አለ።

ስልክ በዚህ መሠረት ላይ ሲያርፍ ብዙ ሊሠራ ይችላል። በሽተኛው በአዲሱ መንደሩ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ግፊቱን ይለካል፤ ቁጥሩ የቀድሞ ታሪኩን ለሚያውቀው ባለሙያ ይደርሳል፤ ባለሙያውም መድኃኒቱ እንዲጨመር፣ እንዲቀነስ ወይም ባለበት እንዲቀጥል ያዝዛል። ከከተማ ዳር ተነሥቶ «ደኅና ነህ፤ ያንኑ ቀጥል» የሚል ቃል ለመስማት ብቻ ሙሉ ቀን ማባከን ይቀራል። ቀጠሮ ያለፈበትንም ሰው በስልክ ፈልጎ «ለምን ቀረህ?» ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው በዚህች አንዲት ጥያቄ ወደ ሕክምናው ሊመለስ ይችላል።

የስልክን ወሰንም አብረን እንወቅ። ስልክ የስኳር ሕመምተኛን እግር ገልጦ ቁስል አያይም። በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ሩማቲክ በተባለው ትኩሳት የተጎዳውን የሕፃን ልብ አያዳምጥም፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌም አይወጋም። ደረቱን አጥብቆ የያዘው፣ ድንገት ግማሽ አካሉ የዛለ፣ ወይም ስኳሩ ወጥቶ የሚያስመልሰው ሰው የሚያስፈልገው የስልክ ምክር ሳይሆን ያለአንዳች መዘግየት ሆስፒታል መድረስ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ ቃል እንጂ መድኃኒት አያደርስም።

የጉዳዩ ዋና ቅራኔ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ኢንሱሊን በቶሮንቶ በተገኘ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ፈልሳፊዎቹ የባለቤትነት መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር። የሰው ልጅ ሀብት እንዲሆን የታሰበው ይህ መድኃኒት ከመቶ ዓመት በኋላ ከዓለም ገበያው ከዘጠና በመቶ በላይ በሦስት ኩባንያዎች እጅ ገብቷል። ስኳርን በቤት ለመለካት የሚያገለግለው መሣሪያ በርካሽ ቢገኝ እንኳ፣ በየልኬቱ የሚጣለው የመለኪያ ወረቀት የማያልቅ ወጪ ነው። መሣሪያው ተሰጥቶ ወረቀቱ ቢታጣ፣ መልእክቱ ደርሶ መድኃኒቱ ከመደብሩ ቢጠፋ፣ የርቀት ክትትሉ በሽተኛውን የሚያክመው ሳይሆን ሲጎዳ ቆሞ የሚመለከተው ይሆናል።

«ድሃ አገር ይህን አትችልም» የሚሉ አይጠፉም። ይህ አባባል ግን በራሳችን አገር በተግባር ተረትቷል። ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ሕክምናቸው የተረጋጋ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒታቸውን በአንድ ጊዜ መውሰድ እንዲችሉ ተደርጓል። ለአንዱ ዕድሜ ልክ ሕመም የተቻለው ለሌላው የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። የግፊትና የስኳር ክኒን ሕመሙ ለተረጋጋለት ሰው ለወራት ሊሰጥ ይችላል። ኢንሱሊን ግን ሌላ ነው። ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከተከፈተም በኋላ በመጠነኛ ሙቀት የሚቆየው 4 ሳምንት ያህል ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ በሸክላ ዕቃና በራሰ አሸዋ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ኢንሱሊን ለሚወጋው ሰው መፍትሔው የብዙ ወር ክምችት ሳይሆን በአቅራቢያው ያለ የማይነጥፍ መደብር ነው። ሁሉን በሽተኛ በአንድ ሚዛን የሚመዝን ዕቅድ ለማንም አይበጅም።

ሌላም ነገር አለ። ከነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ አሉ፤ ፊደል ቆጥረውም የሞባይሉን ትንሽ ጽሑፍ ዐይናቸው የማይለይላቸው አሉ። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሕዝቡን በየቋንቋው ማስተማር እንደሚገባ ታምኖበት ነበር። መልእክቱ በድምፅ፣ በሚናገሩበት ቋንቋና በአክብሮት ይድረሳቸው። እማማ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በማያውቁት ቋንቋ ማሳሰብ አለማሳሰብ ነው። ስልኩ የልጅ ወይም የጎረቤት በሚሆንበትም ጊዜ የሕመሙ ምስጢር እንዲጠበቅ ያስፈልጋል። የሕዝቡ የጤና መዝገብ የሕዝቡ ሀብት ነው፤ ለማንም ነጋዴ ሸቀጥ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ነዋሪ ከሠፈሩ ሲዛወር ካርዱና የሕክምና ታሪኩ አብረውት ይዛወሩ፤ የሚቀበለው ጤና ጣቢያም በሽተኛው እስኪመጣ ሳይጠብቅ በስሙ ይፈልገው። ሁለተኛ፣ የርቀት ክትትል በሚጀመርበት ሁሉ መድኃኒቱና መለኪያው ከስልኩ ቀድመው ይገኙ። ሦስተኛ፣ ስልኩን የሚያነሣው ባለሙያ ከሌላ ሥራው ላይ ተደርቦበት ሳይሆን ጊዜና ኃላፊነት ተሰጥቶት ይመደብ። አራተኛ፣ ሕዝቡ በራሱ ማኅበራት ይሳተፍ። ለቀብር የሚሰበሰበው ዕድር ወር በገባ ቁጥር የአባላቱን ግፊት የሚያስለካ ቢሆን፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ቀን በብዙ ይርቅ ነበር።

አንባቢም ከዚህ ኃላፊነት ውጪ አይደለም። ከአራዳ ወጥቶ ዳር ከተማ የሰፈረ ወላጅ፣ አክስት ወይም የቀድሞ ጎረቤት ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ስልኩን አንሥቶ «መድኃኒትዎ አለ? መቼ ተለኩ?» ብሎ ይጠይቅ። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ስልክ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በእንጨት ተሸካሚዋም እጅ ገብቷል። በዚያ ስልክ የሚመጣው ጥሪ ግን በደረቅ ምክር እንዳያበቃ፣ ጥሪው ሲያበቃ መድኃኒቱም በእጇ እንዲገኝ ማድረግ የሁላችንም ድርሻ ነው።