በክረምት ስለሚቈለፈው የመጻሕፍት ቤት

በሰኔ ወር መጨረሻ በጂንካና በደቡብ ኦሞ ያሉ ትምህርት ቤቶች ፈተናቸውን ጨርሰው ተማሪዎችን ያሰናብታሉ። ከ10ኛ ክፍል ወደ 11ኛ ያለፈ ተማሪ እስከ መስከረም ድረስ ኹለት ወር የሚያህል ጊዜ ያገኛል። በመስከረም ተመልሶ ሲገባ የሚጠብቀው የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን ከዚያ በፊት እንደ ለመደው ያለ አይደለም። አንድ ገጽ ምንባብ አንብቦ ጥያቄ ይመልስ የነበረው ልጅ፣ አኹን ረጅም ልብ ወለድ አንብቦ የባለታሪኩን ጠባይ እንዲመረምር፣ የግጥሙን ምሥጢር እንዲፈታ፣ ተውኔቱንም እንዲተች ይጠየቃል። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጅበት ጊዜ ክረምቱ መኾኑ ግልጽ ነው። ዳሩ ግን መጻሕፍቱ ያሉበት ቤት የሚቈለፈው ልክ በዚሁ ጊዜ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሩቅ ሰምተን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ለሥራ ወደ ጂንካ ወርደን ሳለ፣ ስሙን መጥራት ወደማያስፈልግ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ገብተን ነበር። በመስኮት ብንመለከት መጻሕፍቱ በመደርደሪያው ላይ በደንብ ተሰድረው ታዩን፤ በሩ ግን በትልቅ ቁልፍ ተዘግቷል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የደረሱ መጻሕፍት ናቸው። ቁልፉን የያዘው ሰው የት እንዳለ ብንጠይቅ ለዕረፍት ወደ ዘመዶቹ መሄዱን ነገሩን።

በሰውዬው ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። የመንግሥትን ሥራ የሚያውቅ ኹሉ እንደሚረዳው፣ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው በሞዴል 19 ተመዝግቦ ሲኾን፣ የሚረከበውም ሰው ፈርሞ ነው። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ጠያቂው ብዙ ነው፤ ዕዳውም ወደ ደመወዙ ይመጣል። መጽሐፉ ሳይነበብ ዐሥር ዓመት አቧራ ቢለብስ ግን የሚጠይቀው ማንም የለም። እንዲህ ከኾነ ጠንቃቃ ሰው ምን ያደርጋል? ይቈልፋል እንጂ! ስለዚህ ጥፋቱ የቁልፍ ያዡ ሳይኾን፣ መጽሐፍን ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋራ በአንድ መዝገብ የሚቈጥረው የአሠራራችን ነው።

አንዳንድ ሰዎች አማርኛ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሚሰጠው በ12ኛ ክፍል ፈተና ውስጥ ስለሌለ፣ በክረምት ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። በ2014 ዓ.ም. ያንን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለት ከመቶ 3.3 ነበሩ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ረጅም ጽሑፍ ታግሦ ማንበብ ያልለመደ ልጅ የታሪኩንም የጂኦግራፊውንም ጥያቄ ለመረዳት እንደሚቸገር መምህራን ኹሉ ያውቃሉ።

ስለ አነባበቡም አንድ ነገር እንላለን። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ተማሪ በመወድስ አይጀምርም። በኹለት ቤት በምትቆመው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ ይወጣል፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ቈይቶ ነው። የቈጠረውንም ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ስለዚህ የዐሥር መጻሕፍት ስም ጽፎ ለልጁ ማስያዝና በመስከረም እንገናኝ ማለት አይጠቅምም። በደንብ የተነበበ አንድ መጽሐፍ፣ በየሳምንቱም ያነበበውን የሚጠይቀው አንድ ሰው ይበቃዋል።

ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በዛብህ በስእለት የተሰጠ ልጅ መኾኑ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ማሳደጉ፣ ፊታውራሪ መሸሻም በትውልዳቸው መኵራታቸው በሰብለ ወንጌል ዕድል ላይ ያመጣው ነገር፣ ለጎጃም ልጅ ብዙ ማስረዳት አያሻውም ይኾናል። በአሪ ወይም በሐመር ቋንቋ አፉን ለፈታ ልጅ ግን ስእለት፣ ጉልት፣ ግብር የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው አስረጂ ይሻሉ። በጂንካ አካባቢ ያሉ ካህናትና የቅኔ አዋቂዎች የተማሪውን ሃይማኖት ሳይጠይቁ በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጥተው ይህን ቢያስረዱ፣ ሰምና ወርቅንም ቢያሳዩ፣ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ በኾነ ነበር። መጽሐፉን ያላገኘም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ሊሰማ ይችላል፤ ያ ድምፅ ዛሬ በእጅ ስልክም ይገኛል።

ደግሞም የደቡብ ኦሞ ልጅ ወደ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ባዶ እጁን የሚገባ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉ ተመራማሪዎች ባልዳምቤ የተባለው የሐመር ሽማግሌ ስለ አባቶቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ጋብቻው ሥርዐት የተናገረውን ቃል በቃል ጽፈው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. በጀርመን አገር በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። ባልዳምቤ ያወራው ለባዕድ አንባቢ መጽሐፍ ኾኖ ሳለ፣ የእርሱ አገር ልጅ በክፍል ውስጥ አለመስማቱ ያሳዝናል። የሙርሲና የቦዲ ጐረምሳም ስለሚወደው በሬ ይዘፍናል፤ ለከብቱ መልክና ቀለም ያለው ስም እጅግ የበዛ ነው። ይህ ግጥም አይደለምን?

ስለዚህ በሐምሌ ወደ ቱርሚ፣ ወደ ዲመካ ወይም ወደ ኦሞራቴ ወደ ወገኖቹ የሚሄድ ተማሪ (ክረምት የምንለውም በደገኛ ልማድ ነው እንጂ፣ በኦሞ ቆላ ዋናው ዝናብ የሚወርደው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው) አንድ ዘፈንና አንድ ተረት ከሽማግሌ አፍ ሰምቶ በመጀመሪያ በቋንቋው፣ ቀጥሎም በአማርኛ ቢጽፍ፣ ምሥጢሩንም ቢያብራራ፣ በመስከረም ለጓደኞቹ ቢያነብ መልካም ነው። ከብት እየጠበቀም ቢኾን የሚፈጸም ሥራ ነው፤ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። ዘይቤ ምን እንደ ኾነ ከመጽሐፍ ትርጓሜ ይልቅ በዚህ ፈጥኖ ይገባዋል።

የቁልፉ ነገር ግን ለተማሪው የሚተው አይደለም። የትምህርትና የፋይናንስ ሹማምንት ተነጋግረው፣ የመጻሕፍት ቤቱ ሠራተኛ ዕረፍቱን በሌላ ወር እንዲወስድ ወይም በሐምሌና በነሐሴ ተረኛ መምህር እንዲተካው ቢያደርጉ፣ ለተማሪ ሲዋስ የጠፋ ወይም የተቀደደ ጥቂት መጽሐፍም በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ቢፈቅዱ፣ ጠባቂው ያለ ፍርሃት በሩን ይከፍታል። ይህም አዲስ በጀት አያስፈልገውም። በሚመጣው ክረምት ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቈይ ከሰኔ 30 በፊት በደብዳቤ ተወስኖ፣ ደብዳቤውም በመጻሕፍት ቤቱ ደጃፍ እንዲለጠፍ እናሳስባለን።