ገመዱና ሜትሩ ሲለያዩ መሬቱን ማን ወሰደው?

አንድ ገበሬ በአሮጌው የይዞታ ደብተሩ ላይ 0.50 ሄክታር ተብሎ የተጻፈለት ማሳ በአዲሱ የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ 0.46 ሆኖ ቢያገኘው የመጀመሪያ ጥያቄው ግልጽ ነው፤ «የቀረውን ማን ወሰደው?» ቀጥሎ የሚያየው አዋሳኙን ነው። በአገራችን ደግሞ የድንበር ጠብ ወዴት እንደሚያመራ ሁላችንም እናውቃለን።

ነገር ግን ማንም ምንም ሳይወስድ ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል። እንዴት?

በ1990ዎቹ ከትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ በአብዛኛው በገመድ የተለካ ነበር። 50 ሜትር ነው የተባለ የቃጫ ገመድ እርጥበት አሳጥሮት 48 ሜትር ሆነ እንበል። ርዝመቱ ሁለት ገመድ፣ ወርዱ አንድ ገመድ የሆነ ማሳ በደብተሩ 100 በ50፣ ማለትም 5,000 ካሬ ሜትር ተብሎ ይመዘገባል። እውነተኛው ልክ ግን 96 በ48፣ ማለትም 4,608 ካሬ ሜትር ነው። በርዝመት ላይ 4 በመቶ የነበረው ስህተት በስፋት ላይ ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። ገመዱ ተለጥጦ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ በአዲሱ ልኬት የገበሬው መሬት «አደገ» ይባላል።

ሁለተኛው ምክንያት ተዳፋት ነው። ገመድ የሚዘረጋው መሬቱን ተከትሎ ነው። በሳተላይት ወይም በአየር ፎቶ የሚሠራው ካርታ ግን የሚለካው ከላይ ሲታይ ያለውን አግድም ርቀት ነው። በየ100 ሜትሩ 30 ሜትር ከፍ በሚል ተዳፋት ላይ በገመድ 100 ሜትር የሆነው በካርታው 95.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። በደጋው ተራራ ላይ የሚያርስ ሰው ችካሉ ሳይነቀል ቁጥሩ የሚጎድልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በጥማድ የተነገረውን ወደ ሄክታር መቀየር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ጥማድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በተለምዶ ሩብ ሄክታር ቢባልም እንደ አፈሩና እንደ በሬዎቹ ጉልበት ይለያያል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እንኳ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሁለት ዓይነት ጫማ ነበራት፤ አንዱ ለሁሉም፣ ሌላው ለመሬት ቅየሳ። ልዩነታቸው ከሚሊዮን ሁለት ብቻ ነው። ሆኖም ከመነሻው 2 ሚሊዮን ጫማ ርቆ የተመዘገበ ነጥብ በየትኛው ጫማ እንደተለካ ካልታወቀ 4 ጫማ ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀያሽ አሮጌ ካርታ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው በየትኛው ጫማ እንደተሠራ ነው።

እኛ ጋ ግን ልዩነቱ ከመቶ አራትና ስምንት ሆኖ ሳለ አዲሱ ቁጥር ያለ ማብራሪያ ከተሰጠ ገበሬውን ለጥርጣሬ መዳረግ ነው። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የውርስ ክፍፍል፣ ኪራይና መሬቱ ለልማት ሲወሰድ የሚታሰበው ካሳ ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ ይቆማሉ።

«የገመድ ስህተት ነው» የሚለው መልስም ለሁሉም ቅሬታ መሸፈኛ መሆን የለበትም። በእውነት የተገፋ ድንበር አለ፤ ካርታ ሲሠራ የሚፈጠር ስህተትም አለ። እነዚህን የሚለየው ወሰኑን አዋሳኞች ባሉበት በእግር ዞሮ ማየት ነው። ወሰኑ ካልተነካ የተለወጠው ልኬቱ ነው፤ ወሰኑ ከተነካ ጉዳዩ የቅየሳ ሳይሆን የፍትሕ ነው።

ስለዚህ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። በአዲሱ ማረጋገጫ ላይ አሮጌው ቁጥርና የተለካበት መንገድ ይጻፍ። ውጤቱ ለሕዝብ በሚቀርብበት ጊዜ፣ ገበሬው ከመፈረሙ በፊት፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ይነገረው። ልዩነቱ የጎላ ከሆነ ደግሞ ገበሬው ሳይከፍል ዳግም ይለካለት። ይህ ከአንድ የድንበር ክስ ይልቅ በጣም ርካሽ ነው።