ቅናሹን የሚከፍለው ማን ነው?



በርሖቮትና በነስ ጺዮና መካከል ባለው የቂርያት ቫይዝማን የሳይንስ ፓርክ፣ ማታ ሥራ ሲለቀቅ ሞኒቶች ተሰልፈው ይታያሉ። ከሾፌሮቹ መካከል ወገኖቻችን አሉ። ቢሮዎቹን ከሚያጸዱት መካከልም እናቶቻችን አሉ። እግዚአብሔር ይመስገንና በላቦራቶሪዎቹ ውስጥ የሚሠሩ ልጆችም አፍርተናል። ስለዚህ የሞኒት ዋጋ ጉዳይ ሲነሳ ከፋዩም ተቀባዩም ከአንድ ቤት ነው የሚወጡት። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለፈው ሰሞን እዚያው መግቢያው አጠገብ ቆመን የሾፌሮችን ክርክር ሰማን። በዕድሜ ጠና ያሉት፣ «መንግሥት ያወጣው ታሪፍ አለ፣ ሞኔውም ተገጥሞልኛል፤ እሱ የሚለውን ይክፈሉኝ፣ ከዚያ በታች አልነዳም» ይላሉ። ወጣቱ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሞኔውን ይዘው ሲጠብቁ ሌሊቱ ይነጋል፤ እኔ በስልክ ጥሪ፣ በቅናሹም ቢሆን ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ» አላቸው። «ሦስቱን ቆጠርህ፣ ነዳጁን ግን አልቆጠርህም!» አሉት። ሦስተኛው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «እናንተስ ትከራከራላችሁ፤ ቁጥሩን የተከራየሁት እኔ ምን ልበል? ተሳፋሪው ቅናሽ አገኘ ብሎ የቁጥሩ ባለቤት ኪራይ አይቀንስልኝም» አለ። ሁሉም ዝም አሉ። እኛም ወደ ቤታችን ስንሄድ ከሁሉ ያሰብነው የዚህን የሦስተኛውን ሰው ነገር ነበር።

ለማያውቁ አንባብያን ነገሩን እናስረዳ። በዚህ አገር ማንም መኪና ያለው ሰው ሞኒት ነጂ መሆን አይችልም። የሞኒት መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በላይ «ሚስፓር ያሮክ» የሚባለው አረንጓዴ ቁጥር ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሼቄል የሚገኝ መብት ነው። ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፣ የሌለው በወር ይከራየዋል። የጉዞውን ታሪፍ የሚወስነው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ነው፤ ሞኔው የሚያሳየውም ያንኑ ነው። ሾፌሩ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይችልም፤ ከዚያ በታች ግን እንዲወርድ የሚገፋው ብዙ ነው።

ከሚገፉት አንዱ የስልክ ጥሪው ነው። ጌት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 እዚሁ አገር ተቋቋመ፤ የሩሲያው ያንዴክስ ደግሞ በ2018 ያንጎ የሚባለውን አገልግሎት ይዞ ገባ። ለተሳፋሪው መልካም ነገር መጥቶለታል፣ ይህን አንክድም። ዋጋውን ሳይሳፈር ያውቃል፣ የሾፌሩን ስም ያያል፣ «አዲስ መጤ ነው» ብሎ መንገድ የሚያዞርበትም የለም። አንዳንዶቻችን በመጀመሪያዎቹ የዓሊያ ዓመታት ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተነሥተን ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞረን ቤታችን የደረስንበትን ቀን አንረሳውም።

ይሁንና ቅናሹን ማን ይከፍለዋል? ለምሳሌ ያህል ብቻ እንበልና፣ ሞኔው 50 ሼቄል የሚልበትን ጉዞ ስልኩ በ40 አቀረበው። ኩባንያው ደግሞ ድርሻውን፣ ዓምላውን፣ 4 ሼቄል ቆረጠ እንበል። ተሳፋሪው 10 ሼቄል ተረፈው፤ ሾፌሩ ግን 14 ሼቄል ጎደለበት። በቀረችው 36 ሼቄል ነዳጁን ይሞላል፣ ኢንሹራንሱን፣ የቁጥሩን ኪራይና ቢቱዋሕ ሌኡሚውን ይከፍላል፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ማዓምም አለ። ኩባንያ አዲስ ገበያ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን ከራሱ ኪስ ይሸፍናል፤ ሕዝቡ ከለመደው በኋላ ሸክሙ ቀስ እያለ ወደ ሾፌሩ ይዞራል። በ2024 ፓንጎ ጌትን በ175 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ያ ሁሉ ዋጋ የወጣለት ኩባንያ ሥራው በእነዚህ ሾፌሮች መሪ ላይ የቆመ ነው።

ሌላም ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ቅናሹን የሚያገኘው ስልክና ክሬዲት ካርድ ያለው፣ ጽሑፉንም ማንበብ የሚችል ሰው ነው። በቂርያት ቫይዝማን የሚሠራው መሐንዲስ ቅናሽ ያገኛል፤ ምናልባትም የሚከፍልለት ድርጅቱ ነው። ከቂርያት ሞሼ ወደ ካፕላን ሆስፒታል ለሕክምና የምትመላለሰው እናት ግን ዕብራይስጡን በስልክ ላይ ማንበብ አትችልም። የልጅ ልጇ ትምህርት ቤት ከሆነ መንገድ ዳር ቆማ እጇን ታነሣለች፣ ሙሉውን የሞኔ ዋጋ ከመሐረቧ ፈትታ ትከፍላለች። ድኻዋ ሙሉ፣ ባለጠጋው በቅናሽ! በአዲስ አበባ ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ራይድ እንኳ በ8294 በተራ ስልክ ደውሎ ታክሲ ማዘዝ እንዲቻል አድርጓል። እዚህ የከፍተኛ ቴክኖሎጂ አገር ነን እያልን ለአንዲት አሮጊት በቋንቋዋ የሚመልስ ሰው ማስቀመጥ እንዴት ያቅተናል?

አሁን ደግሞ ከቅናሹ የሚብስ ነገር እየመጣ ነው። ኡበር በግል መኪና ተሳፋሪ ማመላለስ ጀምሮ በነበረ ጊዜ፣ በ2017 የቴል አቪቭ አውራጃ ፍርድ ቤት አስቆመው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነበር። በ2025 ግን የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ሚሪ ሬጌቭ የግል መኪና ያላቸው ሰዎች በክፍያ እንዲያጓጉዙ የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ዋጋ ይወርዳል፣ ተሳፋሪ ይጠቀማል ነው የሚባለው። ይሆናል። ነገር ግን ትናንት መንግሥት «ይህ ቁጥር ከሌለህ መሥራት አትችልም» ብሎ ያስከፈለው ሰው ዛሬ «ቁጥሩ አያስፈልግም» ሲባል ገንዘቡ የት ገባ? ብዙዎቹ ወገኖቻችን ቁጥሩን የገዙት ተበድረው ነው። ለብድሩ ዋስ፣ ማለትም «ዓሬቭ»፣ ሆኖ የፈረመው አጎት ነው፣ አማች ነው፣ የሠፈር ሰው ነው። አንዱ ሾፌር ቢወድቅ ሦስት ቤተሰብ ነው አብሮ የሚወድቀው። እኛ ዘመድ ዋስ ሁነኝ ሲለን እምቢ ማለት የማናውቅ ሕዝብ ነን፤ ባንኩም ይህን ያውቃል።

ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም። በኒውዮርክ የታክሲ ፈቃድ ዋጋ በ2014 አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ኡበርና መሰሎቹ ሲበዙ ዋጋው ተንኮታኮተ፣ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ። አብዛኞቹ ባለዕዳዎች እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ2018 ራሳቸውን ያጠፉ ሾፌሮች ነበሩ። ሌሎቹ ተሰባስበው በ2021 ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቀንና ሌሊት ተቀመጡ፣ ከምግብም ታቀቡ፤ በመጨረሻ ብድራቸው ወደ 170,000 ዶላር ዝቅ እንዲል፣ ለእሱም ከተማዋ ራሷ ዋስ እንድትሆን ተስማሙ። ልብ በሉ፣ ዋስ የሆነው አጎት አይደለም፤ ፈቃዱን የሸጠው ከተማ ነው።

በዋሺንግተን የኢትዮጵያ ልጆች በታክሲው ሥራ ብዙ ናቸው። በ2008 ከንቲባ ፌንቲ የቀድሞውን በክልል የሚከፈል ዋጋ አስቀርተው ሞኔ ሲያስገቡ ሾፌሮቹ ሥራ አቁመው ተቃወሙ፤ አልሆነላቸውም። በ2014 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ለግል መኪኖቹ ሕጋዊ ፈቃድ ሰጠ። በእንግሊዝ ግን ጥቂት የኡበር ሾፌሮች በፍርድ ቤት ተከራክረው፣ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «እነዚህ ሰዎች ዝቅተኛ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው» ሲል ፈረደላቸው። ዳኞቹ ካዩዋቸው ነገሮች ዋናው ዋጋውን የሚወስነው ኩባንያው እንጂ ሾፌሩ አለመሆኑ ነበር። የእኛ አገር ሾፌር ግን ዛሬ ዓጽማኢ ነህ፣ የራስህ ጌታ ነህ ይባላል፤ የጉዞውን ዋጋ ግን ከስልክ ላይ ያነበዋል።

እንግዲህ እኛ ቅናሽ ይቅር አንልም። እናቶቻችንም ርካሽ ጉዞ ይፈልጋሉና። የምንለው፣ ቅናሽ የሚሰጥ ኩባንያ ከራሱ ድርሻ ይስጥ ነው። ሾፌሩ ጥሪውን ከመቀበሉ በፊት ተሳፋሪው ስንት እንደሚከፍልና ለእሱ ስንት እንደሚደርሰው በስልኩ ላይ ይታየው። ሚኒስቴሩ ታሪፉን ከወሰነ ዓምላውንም ይወስን፤ የሾፌሩን ገቢ ከላይ አስሮ የኩባንያውን ቁራጭ ልቅ መተው ምን ዓይነት ቁጥጥር ነው? በግል መኪናው ሕግም ውስጥ ቁጥር ለገዙት የሚከፈለው ካሳ በግልጽ ይጻፍ። «በኋላ እናያለን» የሚለውን ቃል ከዓሊያ ጀምሮ ሰምተነዋል።

ሾፌሮች ወንድሞቻችንም ይስሙን። በቂርያት ቫይዝማን በር ላይ ሞኔው ይሻላል፣ ስልኩ ይሻላል እየተባባላችሁ ስትጣሉ ኩባንያውም ሚኒስቴሩም አይሰሟችሁም። የሩስያ ዓሊም ሾፌሮች አሉ፣ ዐረቦች አሉ፣ እዚህ የተወለዱ አሉ፤ ዓምላው በሁሉም ላይ እኩል ነው የሚቆረጠው፤ አቤቱታውም የሁሉም ይሁን።

ዛሬ አረንጓዴ ቁጥር ለመግዛት ወይም ለመከራየት፣ ወይም ለዘመድ ዋስ ለመሆን ያሰበ ሰው ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት ውሉን ይዞ ወደ እኛ ይምጣ። ዕብራይስጡን አብረን እናነባለን፣ ሕግ የተማሩ ልጆቻችንም ያዩታል። ያ ቁጥር ተከራዩ ወጣትም ቢመጣ ደስ ይለናል። የውሉን ሁለተኛ ገጽ አላነበብኩትም ብሎን ነበር።