ባለሥልጣን በሕግ ፊት ይቁም፤ ዳኛውም ነፃ ይሁን



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ዛሬም በየከተማችን ይሠራበታል። ለቤት ካርታ፣ ለንግድ ፈቃድ፣ ለመብራት ቆጣሪ ጉቦ የተጠየቀ ነዋሪ ሙስና መኖሩን ከእኛ መስማት አያስፈልገውም። የጎደለው ያለ አድልዎ የሚከስና ያለ ፍርሃት የሚፈርድ አካል ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ታሪካችን ግን ሌላ ነው። በ1966 ዓ.ም. የባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ደርግ ውጤቱን ሳይጠብቅ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናት በመደበኛ ፍርድ ቤት መዳኘታቸው በጎ ነበር፤ ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የዋናዎቹ ችሎት ጥፋተኝነታቸውን የወሰነው በ1999 ዓ.ም. ነው።

በ1993 ዓ.ም. የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። በገዥው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል በተፈጠረ ማግሥት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቁ ቢያዝም ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ ምክር ቤቱም በሙስና ለተጠረጠሩ ዋስትና የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ አወጣ። ጥፋተኛ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው እዚህ ላይ ጥያቄያችን አይደለም። ሕግ ለአንድ ሰው ተብሎ ሲወጣ ዳኛው ተሸነፈ፤ ሕዝቡም ክስን የሥልጣን ሽኩቻ መሣሪያ አድርጎ ማየት ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ከኮሚሽኑ ተወሰደ። ዛሬ ከሳሹ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ ሚኒስትሩም የካቢኔ አባል ናቸው። ካቢኔ ራሱን ይከሳልን?

አንዳንዶች «ልዩ ፍርድ ቤት ይቋቋም» ይላሉ። አንቀጽ 78 ከመደበኛው የዳኝነት ሥርዓት ውጭ የሚሠራ ልዩ ፍርድ ቤት ይከለክላል፤ እኛም ክልከላውን እንደግፋለን። ለበቀል የቆመ ችሎት ነገ በሌላው ላይ ይዞራል። ስለዚህ ስንመረጥ፦

ሀ. በመደበኛው ፍርድ ቤት ሥር በባለሥልጣናት ጉዳይ ብቻ የሚያስችል ቋሚ ችሎት እናደራጃለን፤ ይግባኙም የተጠበቀ ይሆናል።

ለ. መርማሪውና ከሳሹ ከካቢኔ ወጥተው ተጠሪነታቸው ለምክር ቤቱ ይሆናል፤ ሹመታቸውም የተቃዋሚ አባላትን ድምፅ ይጠይቃል።

ሐ. ዋስትናን የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ዳኛው ይሆናል። በተጀመረ ጉዳይ ላይ ሕግ አይወጣም።

መ. በ2002 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የሚመዘገበው የተሿሚዎች ሀብት በየዓመቱ ታትሞ ለሕዝብ ይገለጣል።

ይህ ችሎት ሲቆም ሥልጣን ላይ የምንሆነው እኛ ነን፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠይቀው እኛን ነው። ድምፃችሁን ስትሰጡን በዚሁ ውል ይሁን።