የማይሞቅ ሞተር

አንባቢ ሆይ፤ ሞተር ሲግል ሁሉም ያውቃል። ሾፌሩ ይቆማል፤ ረዳቱ ጄሪካን ይዞ ወደ ወንዝ ይሮጣል። የማይሞቅ ሞተር ግን ማንንም ስለማያስቆም የሚያስተውለው የለም። ባለመኪናውን ቀስ በቀስ የሚያደኸየው ግን እርሱ ነው።

ነገሩን ከግምጃ ቤት ተነሥተን እንመልከተው። ከተማይቱ በአገው ምድር ደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጧቷ ብርድ ነው። ከዚያ ድንች ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፎ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። በዚያ ዳገት ሞተሩ አንድ ጊዜ የፈላበት ሾፌር ጋራዥ ገብቶ «ቴርሞስታቱን አውጡልኝ» ይላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው።

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የተቀመጠ ትንሽ በር ነው። በውስጡ ሰም አለ። ውኃው በብዙ ሞተሮች 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና በሩን ይከፍታል፤ ሲበርድም ይዘጋል። በሩ ከወለቀ ወይም ተከፍቶ ከቀረ፣ ውኃው ገና ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ እየሄደ በደጋው ነፋስ ይቀዘቅዛል። በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ናፍጣ በሙሉ አይቃጠልም፤ ከፊሉ ነጭ ጢስ ኾኖ ይወጣል፤ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። ዘይት ሲቀጥን ብረት ከብረት ይፋተጋል። በትንሿ ዕቃ ምክንያት ትልቁ ሞተር ወርዶ ይታደሳል ማለት ነው።

ታዲያ ምርመራው በተራ ይኹን። በመጀመሪያ ሞተሩ በርዶ ሳለ የራዲያተሩን ውኃ ተመልከት፤ ውኃ ከጎደለ የሙቀት መለኪያው ሐሰት ሊናገር ይችላል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሣና እጅህን ከማራገቢያው አርቀህ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ዳስስ። በአብዛኞቹ መኪናዎች ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከኾነ ቱቦው ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና ድንገት ይግላል፤ ከመነሻው አንሥቶ ለብ እያለ ከመጣ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ወይም ከነጭራሹ የለም። ቱቦው ግሎ ሳለ መለኪያው «ቀዝቃዛ» ቢል ጥፋቱ የመለኪያው ነው። የወጣውን ቴርሞስታት ደግሞ በክር አንጠልጥለህ ከቴርሞሜትር ጋር በድስት ውኃ ውስጥ ብታሞቀው፣ በላዩ በተጻፈው ዲግሪ አጠገብ ሲከፈት በዓይንህ ታያለህ።

አንዳንዱ ሾፌር ራዲያተሩን በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፍናል። ይህ ደጋውን ያሻግር ይኾናል፤ ሳያነሣው ዓባይ ከወረደ ግን ሞተሩን ራሱ ያፈላዋል።

የዓባዩስ መፍላት? መድኃኒቱ የተደፈነውን ራዲያተር ማጠብ፣ የላላውን የማራገቢያ ቀበቶ ማጥበቅና የራዲያተሩን ክዳን መለወጥ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንፋሎቱን አፍኖ ቶሎ እንዳይፈላ የሚከለክለው ያ ክዳን ነው። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን ክዳኑን ከቶ አትክፈት።

ተማሪው ወንድሜ፣ እኅቴ፤ የፊዚክስ ደብተራችሁ ከፈተና በኋላ የሚጣል አይደለም። አንተም የመሥሪያ ቤት መኪና የጥገና ወረቀት የሚቀርብልህ ጸሓፊ፣ «ቴርሞስታት ለማስወጣት» የሚል ቃል ስታነብ ከመፈረምህ በፊት «ለምን?» ብለህ ጠይቅ። ይህች አንዲት ጥያቄ የሞተር ዋጋ ታድናለች።