ኮሶ ሲጠጣ ይነገር ነበር

እናቴ የስናን ሰው ናት፤ ከጮቄ ግርጌ። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ኮሶ ሲጠጣ ነገሩ የሚጀምረው ከዋዜማው ነበር። ጠጪው ማታ ሳይበላ ያድራል። ጠዋት እናቴ እኛን ልጆቹን ሰብስባ፣ «ዛሬ አባታችሁ ኮሶ ይጠጣል። ያጥወለውለዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ጉልበቱ ይዝላል። እንዳታስቸግሩት። ወደ ማታ ይሻለዋል» ትለናለች። ያን ቀን እርሻ የለም፣ ገበያ የለም። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም፤ «ይማርህ» ብሎ ከደጅ ይመለሳል። ኮሶ መራራ ነው፣ አንጀት ያላውሳል። ሆኖም እኩለ ቀን ላይ «መርዝ አጠጣችሁኝ» ብሎ የጮኸ ሰው አላየሁም። እኩለ ቀኑ ምን እንደሚመስል ጠዋት ተነግሮታላ።

በ42 ዓመቴ የድብርት መድኃኒት ስጀምር ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሕመሜን ያኔ ድብርት ብዬ አልጠራሁትም። ድብርት በእኛ አፍ ክረምቱ ሲረዝምና ሥራ ሲጠፋ የሚመጣ ቀላል ነገር ነው። እኔ የምለው «ሐሳብ በዛብኝ» ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ፤ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የካህናቱ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። እንጀራው አመድ አመድ ይለኛል። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ሦስት ሳምንት ከረመ። በመጨረሻ ባለቤቴ እጄን ይዛ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰደችኝ። የጠየቁኝ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ በሽታውንም በትክክል አግኝተውታል። ከዚያ ማዘዣ ተጻፈ፤ በመድኃኒት መስኮቱ በኩል አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ባለ 25 ሚሊግራም ክኒን በትንሽ ላስቲክ ተሰጠኝ። «ማታ ማታ አንድ። ከወር በኋላ ተመለስ።» ቀጥሎ ያለው ሰው ተጠራ።

በመጀመሪያው ሌሊት የሞት ያህል ተኛሁ። ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ዓይኔ ጨልሞብኝ ግድግዳ ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን አፌ ደረቀ። የመምህር አፍ ሲደርቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምላሴ ከላንቃዬ እየተጣበቀ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለቴ ውኃ እጎነጫለሁ፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። ቀጥሎ ፊደሉ ደበዘዘብኝ። ሆዴ አምስት ቀን ሙሉ ደረቀ። ሐዘኑ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። አንድ በሽታ ይዤ ሄጄ አምስት ይዤ ተመለስኩ ብዬ አመንኩ። በ11ኛው ቀን ላስቲኩን ከነክኒኑ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ በኋላ ሳልታከም የቆየሁት አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነው። ያን ጊዜ እዚህ ላይ አልተርከውም፤ ልጆቼ ያነብቡታል።

የደረሰብኝ ሁሉ የታወቀ ነበር። አሚትሪፕቲሊን በአሜሪካ ከተፈቀደበት ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ60 ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ ሲታዘዝ የኖረ ርካሽ መድኃኒት ነው። አፍ እንደሚያደርቅ፣ ሆድ እንደሚያደርቅ፣ ዓይን እንደሚያደበዝዝ፣ ብድግ ሲሉ እንደሚያዞር፣ ሽማግሌ ወንዶችን ሽንት እንደሚከለክል ያልጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ የለም። አንዳንዱን ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል፤ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው አብሮ ይዘልቃል። ለሆድ ድርቀቱ ቤታችን ተልባ ነበረ። ለማዞሩ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ብሎ መነሣት ይበቃ ነበር። ከሁሉ በላይ ማወቅ የነበረብኝ ግን የሰዓቱን ነገር ነው፦ ጉዳቱ በመጀመሪያው ሌሊት ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ያስጠብቃል። እኔ በዚያ መሐል ባለው ገደል ውስጥ ነው የወደቅኩት።

ለምን አይነገርም? ጤና ሙያ ላይ ያሉ ወዳጆቼን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከነገርናቸው ይፈሩታል፣ ይተዉታል።» ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም፤ ከልባቸው አምነውበት ነው። እኔ ግን ይህ እምነት ስሕተት ነው፣ ሰውም እየጎዳ ነው እላለሁ። በፍርሃት ክኒን የሚተው አለ፤ እሱ ግን ከነጥያቄው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃላ። ሳይነገረው ተታለልኩ ብሎ የሚተው ግን አይመለስም። ክኒኑን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ነው የሚተወው።

ሌላው ሰበብ «ገበሬው አይገባውም» የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚጀምር ሰው ሽንቱ እንደሚቀላ ሲነገረው እኮ ይገባዋል። ተነግሮታልና ቀይ ሽንት ሲያይ ደም መስሎት ከቤት አይሸሽም፤ ስድስት ወሩን ይጨርሳል። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስድ እናት የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊጠፋ እንደሚችል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትነግራታለች፤ ገብቷት ትመለሳለች። ጎዛምን ላይ ጤፍ የሚዘራ ሰው ዛሬ የበተነው ዘር ኅዳር ላይ እንደሚታጨድ ያውቃል፤ በሳምንቱ አልበቀለም ብሎ ማሳውን አይገለብጥም። ለሳንባውና ለማሕፀኑ የሚነገረው ሰው ለአእምሮው ሲሆን የማይነገረው የአእምሮ ሕመምተኛን እንደ ሕፃን ስለምናይ ነው።

አንድ የማከብረው መከራከሪያ አለ። ሰው ያጥወለውልሃል ሲባል ላልነበረ ማጥወልወልም ይጋለጣል፤ መጠበቅ ራሱ ስሜት ይፈጥራል። እውነት ነው፣ በጥናትም የታወቀ ነው። ነገር ግን የደረቀ አፌን ማንም በወሬ አላደረቀውም፤ ወሬው ሳይኖር ነው የደረቀው። የአነጋገሩ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። «ይህ መድኃኒት ይጎዳሃል» ማለትና «ይህ ይመጣል፣ እንዲህ ታደርጋለህ፣ በዚህን ጊዜ ይቀልልሃል» ማለት አንድ አይደሉም። እናቴ «ወደ ማታ ይሻለዋል» የምትለውን አትረሳም ነበር።

ዝምታው ከምቾት ማጣት አልፎ ሕይወት የሚነካበት ቦታ ደግሞ አለ። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ወጣቶች የድብርት መድኃኒቶችን ሲጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታባቸው ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ለልጆችና ለታዳጊዎች፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉት ማስጠንቀቂያው በጥቁር ሣጥን ውስጥ እንዲታተም ያደረገው ለዚህ ነው። መድኃኒቱን መከልከያ አይደለም፤ ቤተሰብ ዓይኑን ከልጁ እንዳይነቅል ማሳሰቢያ ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ20 ዓመት ልጅ ክኒኑን በላስቲክ ተቀብሎ ወደ ማደሪያው ቢሄድ፣ የክፍል ጓደኞቹ ምን መጠበቅ እንዳለባቸው ማን ይነግራቸዋል? እንዲሁም ስሜቱ ከልክ በላይ አሻቅቦ እንቅልፍ አልባ የሚሆን፣ ገንዘቡን የሚበትን፣ ያለማቋረጥ የሚያወራ ሰው ቢኖር መድኃኒቱ ሌላ ሕመም ቀስቅሶ ሊሆን ይችላልና ቶሎ መመለስ አለበት። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብ ሊያቆም ይችላል፤ ስለዚህ ላስቲኩ ልጅ በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ ነበረበት። እኛ ቤት መስኮት ላይ ነበር። ከአረቄ ጋር ሲቀላቀል እንቅልፉ እንደሚከብድም አልሰማሁም፤ ያወቅኩት ከጥምቀት ድግስ ማግስት በራሴ ላይ አይቼ ነው።

በዚህ በኩል እኛም፣ ማኅበረሰቡም፣ ንጹሕ አይደለንም። ክኒን ጀምሮ የፈዘዘውን ሰው «መድኃኒቱ አደነዘዘው» ብሎ ላስቲኩን የሚቀማው ማን ነው? አክስት፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው። ሲያቁነጠንጠው «መንፈሱ ተነካ» ይባላል። የአዲስ አበባው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስም ስድብ ሆኖ ሲነገር እሰማለሁ፤ ከከተማችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ የሚገኘው፣ አማኑኤል የሚባለው የማቻከል ከተማ ልጆች ይህን ስም ሲጠሩት ምን እንደሚሰማቸው አስባለሁ። ጸበል ቦታ ላይ «መድኃኒት ከወሰድክ ጸበሉ አይሠራም» የሚሉም አሉ። እኔ ጸበል እጠጣለሁ፣ እጠመቃለሁ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን አስታውሳለሁ፤ ያ ንግግር ስንት ሰው ከጸበል ቦታ ወደ ክኒኑ እንደመለሰ እግዚአብሔር ያውቃል። ለአእምሮ መድኃኒት ግን ያን ያህል ጎልቶ የተነገረ ቃል አልሰማሁም። ጎረቤቱ ክኒኑን ሲነጥቅ ግን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። እሱም አልተነገረውም። ያየው የፈዘዘ ሰው ነው፤ መፍዘዙ ከየት እንደመጣና መቼ እንደሚቀንስ የሚያውቀው በመስኮቱ ማዶ ያለው ብቻ ነው።

«ሱስ ያስይዛል» የሚለውም ከዚሁ ዝምታ የተወለደ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጎጃም መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል፣ ክኒን ያልቃል፣ የሚፈለገው ዓይነት ከፋርማሲ ይጠፋል። በድንገት ያቋረጠ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህን ቀድሞ ካልሰማ «አየህ፣ ይዞኛል» ይላል። መድኃኒቱ እንደ ሱስ እየጨመሩ እንዲወስዱት አያስገድድም፤ ሲተው ግን ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መንገድ ከመዘጋቱ በፊት መንገር ይቻላል። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰው መላክ እንዳለበትም እንዲሁ።

ሠልፉ ረጅም ነው፣ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ አውቃለሁ። በአገራችን የአእምሮ ሐኪም በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜው ገና ነው። ግን ሠልፉን የሚያረዝሙት ባልተነገረ ነገር ተደናግጠው ትተው፣ ብሶባቸው የሚመለሱ ሰዎችም ናቸው። እኔ ራሴ ያን ሠልፍ ሁለት ጊዜ አርዝሜዋለሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ፣ ሌላ ቦታ፣ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ አገኘችኝ። ፍሉኦክሰቲን፣ 20 ሚሊግራም። ባለቤቴን ከውጭ አስጠራቻትና በሩን ዘጋች። «መምህር፣ ይስሙኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ያጥወለውልዎታል፣ ራስዎን ያምዎታል። እንቅልፍ ሊቀንስብዎ፣ ሊያቁነጠንጥዎ ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ከምግብ ጋር ይውሰዱት። ጾም ከሆነ ይንገሩኝ፣ ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን። ከአራትና ከአምስት ሳምንት በፊት ለውጥ ካላዩ አይደንግጡ። ሞት ሞት የሚል ሐሳብ ከበረታ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይምጡ። ሲሻልዎ ደግሞ በራስዎ አያቁሙት።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ወደ ሁለታችንም ዞረች። «በመኝታ በኩልም ለውጥ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ነው። ከመጣ ሳይደብቁ ይንገሩኝ።»

ጠቅላላው ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትዳሬን ጠብቃልኛለች ብል አላጋነንኩም። ነገሩ መጣ፤ ወራት ቆየ። ባለቤቴ ባትሰማ ኖሮ «ሌላ ይዟል» ትል ነበር፤ ማን ይፈርድባታል? ወንዶች ይህን አይናገሩም፣ ሐኪምም አይጠይቅም። ስንት ሰው ሚስቱን ላለማስቀየም ክኒኑን በድብቅ እንደጣለ አስባለሁ። ለእኔ በኋላ መጠኑ ተስተካከለልኝ።

በስምንተኛው ቀን ቁርስ ላይ አጥወለወለኝና ሳህኑን ገፋሁ። ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች «ነግራሃለች እኮ» አለችኝ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የቡናው ሽታ ከሌላ ክፍል ቀሰቀሰኝ። ሽታው እንደጠፋብኝ እንኳ ረስቼው ነበር።

ባለፈው ግንቦት የጎረቤታችን ልጅ ጀመረ። 23 ዓመቱ ነው። እናቱ ማታ ወደ ቤቴ መጡና «ልጀን ምን ይሆንብኛል?» አሉኝ። ነርሷ የነገረችኝን ነገርኳቸው፤ ልጁ ወጣት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻውን እንዳያድርም አከልኩ። በነጋታው ታናሽ ወንድሙን ከእሱ ጋር አስተኙት። በሳምንቱ ከሉማሜ ዘመድ መጥቶ በር ሲያንኳኳ እኔ ደጄ ላይ ነበርኩ። ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«መድኃኒት ጀምሯል» አሉት። «ሆዱን እያጥወለወለው ነው። ለሰኔ ሚካኤል ብቅ በል።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ፣ «ይማረው» አለና ተመለሰ።