ማስተር ፕላኑን አስቆምን፣ በማስተርስ ተወሰድን

ቄሮ፣ ቀሬ፣ እስቲ ዛሬ በግልጽ እንነጋገር።

በዚህ ሰሞን ከአምቦም፣ ከጉደርም፣ ከጊንጪም፣ ከባኮም የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ኤምቢኤ የት ብማር ይሻላል? ፊንፊኔ ካሉት የግል ኮሌጆች እገሌ ነው እገሌ? የቅዳሜና እሁዱ ነው የርቀቱ? የትኛው ቶሎ ያስጨርሳል?»

ማንም ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። እኔ ልንገርህ፦ ከአባትህ ጤፍና ከእናትህ ላም ነው የሚመጣው። የሁለት ዓመት ክፍያ አለ፣ በየሳምንቱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ መመለስ አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። አንተ የመጀመሪያ ዲግሪህን ይዘህ ቤት ቁጭ ብለሃል። እኔም ቁጭ ብያለሁ። የጎደለን ሥራ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ላም አሽጦ አንድ ወረቀት ቢጨምር፣ ሁለት ወረቀት ያለው ሥራ አጥ ይሆናል። ላሟ ግን አትመለስም።

«የሥራ ማስታወቂያው ኤምቢኤ ይላል» ትለኛለህ። ማስታወቂያውን እስከ ታች አንብበው፤ ከሥሩ የስንት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል? ኤምቢኤ ሲጀመርም ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚጠቅም ትምህርት ነው። በዓለም ላይ ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሳይቀበሉህ በፊት «ምን ሠርተሃል?» ይሉሃል፤ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ የሚፈጨው እህል ተማሪው ከሥራው ይዞት የመጣው ነው። አንዲት ሱቅ አስተዳድረህ ሳታውቅ ከገባህ ወንፊቱን ይዘህ እህል ስትፈልግ ትመረቃለህ።

አሁን ደግሞ ወደሚያመው እንምጣ። በሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ የተማሪ ደም የፈሰሰው ለምን ነበር? በኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ እሳቱ የተነሳውስ? በማስተር ፕላን ስም የገበሬው ማሳ እንዳይበላ ነበር። በጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ። ለመሬቱ ሕይወት የከፈለ ትውልድ ዛሬ የመሬቱን ፍሬ ሸጦ በገዛ እጁ ለኮሌጅ ነጋዴ ያስረክባል። ያኔ ማስተር ፕላን፣ አሁን ማስተርስ! ያኛውን በሰልፍ አስቆምን፣ ይሄኛውን ተሰልፈን እየከፈልን ነው።

«ፊንፊኔ የእኛ አይደለችም ወይ?» እንዳትለኝ። ናት። እዚያ መማር ነውር ነው አላልኩም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፈተናውን አልፈህ ከገባህ ሂድ፤ ከ1935 ጀምሮ የነበረውን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ስም ማንም አይክደውም። እኔ የማወራው ከዚያ በታች፣ መሃል ላይ ስለተደረደሩት ነው። በእነሱ መካከል ስትመርጥ የምትመርጠው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ!

አምቦ ዩኒቨርሲቲስ? ኤምቢኤ አለው እኮ! በ1939 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረ፣ ጉደር ላይ የማሞ መዘምር፣ አምቦ ላይ የሀጫሉ ሁንዴሳ ስም የተሰጣቸው ካምፓሶች ያሉት ተቋም ነው። የሀጫሉን ፎቶ ቲሸርት ላይ ለብሰን በስሙ የተሰየመበትን ዩኒቨርሲቲ እንንቃለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። እዚህ ብትማር ከቤትህ ታድራለህ፣ የትራንስፖርቱ ብር ይቀርልሃል፣ አማካሪህን ሰኞም ሐሙስም ቢሮው ሄደህ ታገኘዋለህ። ጥናትህንም ስለማታውቀው አገር ኩባንያ አትጽፍም። የጀልዱ ድንች አምራች በምርት ሰሞን ለምን በርካሽ ይሸጣል? ሙገር አካባቢ ዳንጎቴ ብቻውን በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ሲሚንቶ የማምረት አቅም ሲተክል የዙሪያው ወጣት ከጭነቱና ከጥገናው ምን ድርሻ አገኘ? የአምቦ ውሃ ከእኛ መሬት እየፈለቀ ስንቶቻችን በማከፋፈሉ ሥራ ውስጥ አለን? ይሄን ያጠና ልጅ ሲመረቅ የሚሠራውን ያውቃል።

ዩኒቨርሲቲውንም ግን በነፃ አንለቀውም። ሥራ ያለው እንዲማር የማታና የቅዳሜ ክፍል ይመቻች፤ ጠቅላላ ክፍያው በግልጽ ይለጠፍ፤ የመመረቂያ ጽሑፎች ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ይድረሱ። የእኛ ነው ካልን መጠየቅም የእኛ ነው።

ታሪክህንም እወቅ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ የሚነሳ ወንዝ ነው። በስሙ የተጠራው ባንክ በ1987 ሥራ ሲጀምር 486 ባለአክሲዮኖች ያዋጡት 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር የያዘው። የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 በ34 ማኅበራት ተነሳ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ በ1997 ገበሬውንና ማኅበራቱን ባለአክሲዮን አድርጎ ሥራ ጀመረ። ሰው ተሰባስቦ፣ ብር አዋጥቶ ሥራ ሲጀምር አስተዳዳሪ ያስፈልጋል። የሚያስተዳድሩት ሳይኖር አስተዳዳሪ ብቻ ማምረት ግን ከንቱ ነው።

እሺ፣ «እኔ ወስኛለሁ፣ እማራለሁ» ካልክ አንድ ብር ሳትከፍል እነዚህን አጣራ፦

1. ፈቃድ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ነው። ዋናው ግቢ አለው ማለት አንተ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። የኤምቢኤውን ፈቃድ በዓይንህ እይ።

2. ፈተና። ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። «እሱን ተወው፣ ብቻ ክፈል» የሚልህ ሰው ነገ ዲግሪህ ሲጣራ ስልክ አያነሳልህም።

3. መምህር። ስንቱ ቋሚ ነው? ስንቱ ከሌላ ግቢ ለሰዓት ክፍያ የሚመጣ ነው? መልሱን ከማስታወቂያው ሳይሆን እየተማሩ ካሉ ልጆች ስማ።

4. ጠቅላላ ሒሳብ። የምዝገባው፣ የኮርሱ፣ የአማካሪው፣ የምረቃው ተደምሮ በጽሑፍ ይሰጥህ።

5. የመመረቂያ ጽሑፍ። «እኛ እንጽፍልሃለን» የሚል ስልክ ቁጥር በሩ ላይ ተለጥፎ ካየህና ማንም ካልቀደደው፣ የዚያ ቤት ወረቀት ዋጋው ስንት እንደሆነ ገብቶሃል።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ሥራ ከሌለህ በኤምቢኤው ብር ሩብ ከሦስት አራት ጓደኞችህ ጋር አንድ ነገር ጀምር፤ ወፍጮም ይሁን፣ የእህል ንግድም ይሁን፣ የወተት ማሰባሰቢያም ይሁን። ቢከስር እንኳ የተማርከው አይጠፋም። ሁለት ዓመት ሠርተህ ሒሳቡና ሰው ማስተዳደሩ ሲከብድህ፣ ያኔ አምቦ ግባ። ያኔ ጥያቄ ይዘህ ትገባለህ፣ መምህሩም ይፈራሃል።

አንቺም እህቴ፣ «ማስተርስ ካልያዝሽ ማን ያይሻል» ለሚሉሽ ጆሮ አትስጪ።

ከእናታችሁ በረት ገመድ ከመፈታቱ በፊት ይሄን ለጓደኛችሁ አድርሱ።